ስክሪኑ ላይ ያለው ዋጋ የመቼ ነው?

ዛሬ ዋጋ ወጣ ወረደ ከማለታችን በፊት ዋጋው ወደ እናንተ ስለሚመጣበት መንገድ ትንሽ እናውራ።

ከላኪዎችም ከዩኒየኖችም በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «የእኛ ሲስተም የሚያሳየው ዋጋ እናንተ ከምትለጥፉት ጋር አይገናኝም፣ የቱን እንመን?» የሚል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የእኛ የትናንት ማታ መዝጊያ ነው፣ የእናንተ ደግሞ ያለፈው ሐሙስ መዝጊያ። ችግሩ ስክሪናችሁ ሐሙስ ላይ ቆሞ መቅረቱን አለመናገሩ ነው። ቁጥሩ እንዳለ ተቀምጧል፣ አልጠፋም፣ ቀይ አልሆነም። ሰው ያየዋል፣ ያምነዋል፣ ውል ይፈርምበታል።

ይሄ «የአይቲ ነገር» ተብሎ ወደ ጓዳ የሚገፋ ጉዳይ አይደለም። ሂሳቡን እንሥራው እስቲ። አንድ ኮንቴይነር ቡና 320 ጆንያ በ60 ኪሎ ሲታሰብ 19,200 ኪሎ ነው፣ በፓውንድ 42,329 ገደማ። በእጃችሁ ያለው ዋጋ አርጅቶ በፓውንድ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ቢዛነፍ በአንድ ኮንቴይነር ከ4,200 ዶላር በላይ ነው። ዶላሩን በ150 ብር ብትመቱት ወደ 635 ሺህ ብር ይጠጋል። ኒውዮርክ ደግሞ በአንድ ቀን 10 ሳንቲም መንቀሳቀስ አያቅታትም። እ.ኤ.አ. በ2025 ፌብሩዋሪ ዋጋው ከ400 ሳንቲም ያለፈበትን ሰሞን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ዩኒየን ከሆናችሁ ይሄ ገንዘብ የመሠረታዊ ማህበሩ አባል የትርፍ ክፍፍል ነው፣ ከየትም አይመጣም።

ለመሆኑ ዋጋው እንዴት ነው ስክሪናችሁ ላይ የሚደርሰው? ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ያለው ቢሮ ብዙ ጊዜ «ሊንክድ ሰርቨር» የሚባለውን ይጠቀማል። የእናንተ ዳታቤዝ የሌላውን ዳታቤዝ አድራሻ፣ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ ይዞ፣ «ፕሮቫይደር» በሚሉት አስተርጓሚ ድራይቨር በኩል ሄዶ መረጃ ያመጣል። ወዲያ ማዶ ያለው ዋጋ የሚሸጥላችሁ ድርጅት ዳታቤዝ ሊሆን ይችላል፣ የመጋዘኑ ሲስተም ሊሆን ይችላል፣ ወይም የሒሳብ ክፍሉ ጠዋት ጠዋት የሚሞላው የኤክሴል ፋይል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ግልጽ ይሁን፤ ሊንክድ ሰርቨር ከዳታቤዝና ከፋይል ጋር ነው የሚነጋገረው፣ የድረ ገጽ ሰሌዳ አያነብም። «ኒውዮርክን ሊንክ አድርጌላችኋለሁ» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ፣ ዋጋውን ከድረ ገጽ እያነሳ ሰንጠረዥ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሌላ ፕሮግራም መሃል ላይ አለ ማለት ነው። እሱም የሚበላሽበት የራሱ ምክንያት አለው። በነፃ የሚታየው የኒውዮርክ ዋጋ ደግሞ ድሮም ዘግይቶ ነው የሚለቀቀው።

እንግዲህ ይሄ መስመር ሲበላሽ ቢሮ ውስጥ የሚሰማው መልስ አንድ ነው። «ኔትወርክ ነው።» በቃ፣ ተዘጋ። ኔትወርክ ሲሆን ኔትወርክ ነው፣ አልካድንም። ግን ሲስተሙ ራሱ የስህተት ቁጥር ይሰጣል፣ ቁጥሩም በር በሩን ይለያል። ዋጋ የምትከታተሉ ሰዎች ይሄን ያህል ብታውቁ ይጠቅማችኋል ብለን ነው። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቀይ ጽሑፍ ፎቶ አንሱትና ቁጥሩን እዩ።

53 ካለ አድራሻውን አላገኘውም ማለት ነው፤ የሰርቨሩ ስም ተለውጧል፣ ወይም መንገዱ የለም። 10060 ካለ አንኳኳ፣ ጠበቀ፣ የሚመልስ አጣ፤ መሃል ላይ ፋየርዎል ጥያቄውን ውጦታል ማለት ሊሆን ይችላል። 10061 ከሆነ ማሽኑ አለ፣ ግን በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ የለም፤ አገልግሎቱ ጠፍቷል ወይም ፖርቱ ተቀይሯል። 18456 ደግሞ ከኔትወርክ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በሩ ድረስ ደርሶ «አላውቅህም» ተብሏል። ስለዚህ 18456 እያየ «ኔትወርክ ነው» የሚላችሁ ሰው አላየውም፣ ወይም መነሳት አልፈለገም።

ሲሞክሩት ደግሞ የሚደረግ አንድ ቀልድ አለ። አይቲው ከራሱ ላፕቶፕ ፒንግ ያደርግና «ይኸው ይሠራል» ይላል። ፒንግ ማሽኑ መኖሩን እንጂ የዳታቤዙ ፖርት መከፈቱን አይነግርም። የኤስኪውኤል ሰርቨር የተለመደው ፖርት 1433 ነው፣ የማይኤስኪውኤል 3306፣ የፖስትግሬስ 5432፣ የኦራክል 1521። የሚሞከረው እሱ ፖርት ነው፣ የሚሞከረውም ከሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ነው። መረጃውን የሚያመጣው ሰርቨሩ እንጂ ላፕቶፑ አይደለምና። በእኛ አገር ሁኔታ አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ። ብዙ የውጭ ዋጋ አቅራቢዎች የሚያስገቡት የተመዘገበ የአይፒ አድራሻ ያለውን ብቻ ነው። ቢሮው የኢንተርኔት መስመር ሲቀይር ወይም ራውተሩ ሲተካ ወደ ውጭ የሚታየው አድራሻ ይለወጣል። እዚህ ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው፣ ቪዲዮ ያያል፣ ዋጋው ግን አይመጣም። አንድ ኢሜይል ለአቅራቢው መጻፍ በቂ ሆኖ ሳለ ሦስት ቀን ኬብል ሲነቀልና ሲሰካ ይከረማል።

18456 ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም በጣም የሚያናድደው እሱ ነው። አይቲው ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሲሞክረው ይሠራል፣ እናንተ ከጠረጴዛችሁ ስትሞክሩት እምቢ ይላል፤ መልእክቱም «አኖኒመስ ሎጎን»፣ ስም የለሽ እንግዳ፣ ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከእናንተ ኮምፒውተር እስከ ቢሯችሁ ሰርቨር አንድ በር ነው፣ ዘበኛው ያውቃችኋል። ከዚያ ሰርቨር እስከ ሌላው ሰርቨር ሁለተኛ በር ነው። የመጀመሪያው ዘበኛ መታወቂያችሁን ይዞ ለሁለተኛው እንዲያሳይ ፈቃድ ካልተሰጠው፣ ሁለተኛው በር ላይ የሚደርሰው ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ነው። ባለሙያዎቹ ሁለት ዝላይ ይሉታል። መፍትሔው ወይ ኬርበሮስ በሚባለው ሥርዓት ያን የውክልና ፈቃድ በአግባቡ ማስተካከል ነው፣ ወይ ለዚህ መስመር ብቻ የሚያገለግል፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ የማይችል አንድ መግቢያ ስም መክፈት ነው። ለመካከለኛ ቢሮ ሁለተኛው ይበቃል ባይ ነን። የማትቀበሉት ግን ሦስተኛውን ነው። ነገሩ አልሠራ ሲል የዳታቤዙን የበላይ ባለሥልጣን፣ «ኤስኤ» የሚባለውን ስምና ፓስወርድ ሊንኩ ላይ ለጥፎ መሄድ። ይሠራል፣ ወዲያው ነው የሚሠራው። ግን ያን ሊንክ መጠቀም የሚችል ሁሉ ወዲያ ማዶ ያለውን የመጋዘን መዝገብ ማጥፋት ይችላል።

የአስተርጓሚው፣ የድራይቨሩ ስህተቶች ሌላ ወገን ናቸው። 7303ና 7399 ከታዩ ሲስተሙ ፕሮቫይደሩን አስነስቶ ወደ መረጃው መግባት አልቻለም ማለት ነው፤ ከቁጥሩ በላይ ወይም በታች ያለው ሁለተኛው ጽሑፍ ነው ምክንያቱን የሚናገረው። 7403 ከሆነ አስተርጓሚው ጭራሽ አልተጫነም፣ ወይም ሰርቨሩ 64 ቢት ሆኖ የተጫነው የ32 ቢቱ ነው። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ማንም አልነካውም» የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው የሚፈታው። አንድ ሰው ነክቶታል። አዲሱ የማይክሮሶፍት ድራይቨር፣ የኦሌዲቢው 19ኛ እትምና የኦዲቢሲው 18ኛ እትም፣ ግንኙነቱ ካልተመሰጠረ አልቀበልም ማለት ጀምረዋል። ወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር የታመነ ሰርተፊኬት ከሌለው ድራይቨሩን ባደሳችሁ ማግስት መስመሩ ይቆማል። ትክክለኛው መፍትሔ ሰርተፊኬት ማስተካከል ነው፤ ማጣሪያውን «ዝም ብለህ እመን» ብሎ ማለፍም ይቻላል፣ ግን በውጭ ኢንተርኔት የሚመጣ ዋጋ ላይ ባይደረግ ይመረጣል።

እስካሁን ያወራነው ስለሚጮሁ ብልሽቶች ነው። የሚጮኸው ብልሽት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ አያሳስበንም። ስክሪኑ ባዶ የሆነበት ነጋዴ ስልክ አንስቶ ይደውላል፣ ወይም እዚህ ቻናል ላይ ያያል። የሚያከስረው ዝም ያለው ነው።

ዝምታው ከየት ይመጣል? በብዙ ቢሮ ዋጋው በቀጥታ አይነበብም። ማታ ማታ የሚነሳ ሥራ፣ «ጆብ» የሚሉት፣ በሊንኩ ሄዶ ዋጋውን ያመጣና እቤት ባለው ሰንጠረዥ ያስቀምጣል። ስክሪኑ የሚያሳየው ከሰንጠረዡ የመጨረሻውን ረድፍ ነው። አሠራሩ ጥሩ ነው፣ እኛም የምንመክረው እሱን ነው። ቀጥታ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ መሥራት፣ ገዢው ስልክ ላይ እየጠበቀ ስክሪኑ እንዲደርቅ ያደርጋል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ካልተነካ በስተቀር ከማዶ መልስ እስኪመጣ 600 ሰከንድ፣ አሥር ደቂቃ፣ ይጠብቃል። ኩዌሪው በደንብ ካልተጻፈ ደግሞ የአንድ ቀን ዋጋ ለመፈለግ የአሥር ዓመቱን ሰንጠረዥ በዚያች መስመር ሊጎትት ይችላል። «ኦፕንኩዌሪ» በሚባለው መንገድ ማጣሪያውን ማዶ ልኮ የተጣራውን ብቻ ማምጣት ይሻላል።

ግን ጆቡ ያልተነሳ ዕለት ምን ይሆናል? የመጨረሻው ረድፍ የትናንቱ ነው። ነገም የትናንቱ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚሆነውን እዩ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ራሱ ሲጫን ማሽኑ ሲበራ አብሮ እንዲነሳ ሆኖ ነው። ጆቦቹን የሚያስነሳው «ኤጀንት» ግን ሲጫን በእጅ እንዲነሳ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ አንድ ሰው አስቦ ካልቀየረው። መብራት ይመለሳል፣ ሰርቨሩ ይነሳል፣ ሲስተሙ ይከፈታል፣ ሁሉም ሰው ሥራውን ይጀምራል። ኤጀንቱ ተኝቷል። ጆቡ አልተሳሳተም፣ ምክንያቱም አልተነሳም። ስላልተሳሳተም «ስህተት ሲኖር ኢሜይል ላክልኝ» ብላችሁ ያዘዛችሁት ማስጠንቀቂያ አይመጣም።

ለዚህ ነው በእኛ እምነት ጠቅላላ የአሠራሩ አስተሳሰብ መገልበጥ ያለበት። አይቲው የሚለካው «ግንኙነቱ ይሠራል ወይ?» የሚለውን ነው። ሊንክድ ሰርቨርን የሚፈትን ዝግጁ ትእዛዝ አለ፣ ይጫኑታል፣ ተሳካ ይላል፣ ይሄዳሉ። ለነጋዴ ግን የሚያስፈልገው መለኪያ የዋጋው ዕድሜ ነው። ሲስተሙ ራሱን መጠየቅ ያለበት «ይህ ዋጋ የየትኛው የገበያ ቀን ነው? መቼ ደረሰኝ?» ብሎ ነው። ከተወሰነው በላይ ካረጀ፣ ምክንያቱ መብራት ይሁን ፓስወርድ ይሁን ድራይቨር፣ መጮህ አለበት። ምክንያቱን አይቲው በኋላ ይፈልገው።

ዕድሜ ስትለኩ ደግሞ ግንኙነቱ ጤነኛ ሆኖ መረጃው የሞተበትን ጉዳይም ትይዛላችሁ። የኒውዮርክ አረቢካ ውል በዓመት አምስት ወር ነው ያለው፦ ማርች፣ ሜይ፣ ጁላይ፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር። ኩዌሪው ላይ «ጁላይ» ተብሎ በእጅ ተጽፎ ከቀረ፣ የጁላይ ውል ጊዜው ሲያልቅ ማዶ ያለው ዳታቤዝ በትህትና የመጨረሻዋን የጁላይ ዋጋ ይመልስላችኋል። ሁልጊዜ። መስመሩ አልተቋረጠም፣ ፓስወርዱ ይሠራል፣ ፈተናው ያልፋል። ውሉ ሳያልቅም በፊት ቢሆን ገበያው ወደ ሴፕቴምበር ከተሻገረ በኋላ የጁላይን ዋጋ ይዞ መደራደር ከገዢው ጋር በተለያየ ቋንቋ መነጋገር ነው።

የምንዛሪው ነገርም እንዲሁ ነው። ድሮ ብር በቀን በሳንቲም ክፍልፋይ ሲንፏቀቅ የሦስት ቀን ያረጀ ምንዛሪ ብዙ አይጎዳም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ባንክ ከባንክ ይለያያል፣ ቀን ከቀን ይለያያል። ሲስተማችሁ የቡናውን ዋጋ በየቀኑ እያመጣ ምንዛሪውን ከድሮው ሰንጠረዥ እያነበበ ከሆነ፣ በብር የሚያሳያችሁ የፈረሱላ ዋጋ ግማሹ ትኩስ ግማሹ የቀዘቀዘ ወጥ ነው። ሁለቱም ለየብቻ ዕድሜያቸው ይታይ።

ከፈረሱላ ካነሳን አይቀር፣ አንድ የኒውዮርክ ውል 37,500 ፓውንድ ነው። በእኛ 17 ኪሎ ፈረሱላ ሲመታ ከ1,000 ፈረሱላ እምብዛም አያልፍም። በቃል ለማረም ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ሲስተማችሁ ለአንድ ውል 1,000 ፈረሱላ አካባቢ ካላወጣ አንድ ቦታ ላይ አሃዱ ተዛብቷል። ኪሎን ወደ ፓውንድ በ2.2 የሚመቱ ሲስተሞችም አሉ፤ በ2.2046 ነው መሆን ያለበት። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ፓውንዱ 3 ዶላር ሲሆን በአንድ ኮንቴይነር ወደ 266 ዶላር ትበላለች።

አሁን ወደ ዩኒየኖች እንምጣ፣ የእነሱ ነገር ከውጭ ዳታቤዝ ይልቅ ኤክሴል ላይ ነውና። ከየመሠረታዊ ማህበሩ የመጣውን ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ በሊንክድ ሰርቨር ማንበብ የተለመደ ነው። የሚጮኸው ችግር ቀላል ነው። አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ምሳ ሄዷል፣ ሲስተሙ መግባት አቃተው፣ 7303 ወይም 7399 አወጣ፣ ሰውየው ሲመጣ ይዘጋዋል። ወይም ፋይሉ «ዜድ» በሚል የዲስክ ፊደል ላይ ነው ያለው፤ ያ ፊደል የእናንተ ኮምፒውተር ላይ እንጂ ዳታቤዙን በሚያንቀሳቅሰው አካውንት ዘንድ የለም፣ ሙሉ የኔትወርክ አድራሻው መጻፍ አለበት።

ዝምተኛው ግን እዚህም አለ፣ እዚህ ደግሞ የባሰ ነው። ኤክሴልን የሚያነበው ፕሮቫይደር የአንድን ኮለም ዓይነት የሚገምተው የመጀመሪያዎቹን 8 ረድፎች አይቶ ነው፣ ካልተቀየረ በስተቀር። ስምንቱ ቁጥር ከሆኑ «ይሄ የቁጥር ኮለም ነው» ብሎ ይወስናል። ከዚያ 9ኛው ረድፍ ላይ አንዱ ጸሐፊ «11,200 ብር» ብሎ ከነብሩ ጽፎ ከሆነ፣ ያ ረድፍ ባዶ ሆኖ ነው የሚገባው። ስህተት አይወጣም። ድምር ስትሠሩ ባዶው አይቆጠርም፣ አማካይ ስትሠሩም አይቆጠርም። ሰሊጡ ተሰብስቧል፣ ተመዝኗል፣ ሪፖርቱ ላይ ግን የለም፤ አማካይ ዋጋውም ያለ እሱ ነው የተሠራው። ገበሬው «የእኔስ?» ሲል ነው የሚገኘው። ለዚህ ሁለት ነገር ይደረግ። ሁሉም ነገር መጀመሪያ እንደ ጽሑፍ ይነበብ፣ ከዚያ ወደ ቁጥር ሲለወጥ እምቢ ያለው ረድፍ ተለይቶ ይውጣ። ሌላው ደግሞ ስንት ረድፍ ተላከ፣ ስንት ገባ፣ ስንቱ ባዶ ሆነ የሚለው ከሪፖርቱ ራስጌ ላይ ይጻፍ።

የቀኑ ነገር ደግሞ ለእኛ ብቻ የተሰጠ ፈተና ነው። መሠረታዊ ማህበሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል። 30/02/2017 ብሎ ጥቅምት 30ን ከላከ ዳታቤዙ «ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም» ብሎ ይጥለዋል። ጮኸ፣ ተመስገን። የካቲት 15ን 15/06/2017 ብሎ ሲልክስ? ቀን ከወር በሚያስቀድም አነባበብ ጁን 15 ቀን 2017 የፈረንጅ ነው ብሎ ይቀበላል፤ የዘንድሮው ግዢ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዶ ይቀመጣል፣ «የዚህ ሳምንት» ሲባል አይወጣም። ጳጉሜ 5ን 05/13/2016 ብሎ የጻፈ ደግሞ፣ ሰርቨሩ በአሜሪካ አነባበብ ከሆነ ሜይ 13 ይሆንለታል። የኛን አቆጣጠር ተዉ አንልም፣ ማንም አይተውም። ፋይሉ ውስጥ ግን ሁለት ኮለም ይኑር። አንዱ ሰው የሚያየው የኢትዮጵያ ቀን፣ እንደ ጽሑፍ። ሌላው ማሽን የሚያነበው የፈረንጅ ቀን፣ ዓመት ወር ቀን ተከታትሎ፣ እንደ 20250222። በዚህ አጻጻፍ ማንም ማንንም አያሳስትም።

«ዋጋው ሲያረጅ ስክሪኑ ባዶ ይሁን» ስንል የሚነሳብንን ተቃውሞ እናውቀዋለን። «ባዶ ስክሪን ይዤ እንዴት ልሥራ? የትናንቱ ቢሆንም መነሻ ይሆነኛል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፣ መነሻ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ ይታይ፣ ግን ከነዕድሜው ይታይ፤ «የሐሙስ መዝጊያ፣ 4 ቀን ያለፈው» ተብሎ ከቁጥሩ እኩል በሆነ ፊደል። እግር ስር በደቃቅ ፊደል አይደለም። የሚቆለፈው የውል መሙያው ገጽ ነው። ያረጀ ዋጋ ይዞ ውል ማዘጋጀት የፈለገ የግብይት ኃላፊው ስሙን አስገብቶ ይክፈተው። «ይሄ ሥራ ያዘገያል» ይባላል። አዎ፣ በዓመት ጥቂት ቀን ያዘገያል።

ማስጠንቀቂያው ሲሠራ ግን የቀን መቁጠሪያ ይማር። ኒውዮርክ ቅዳሜና እሁድ ዝግ ናት፣ ሰኞ ጠዋት የዓርብ ዋጋ ማየት ብልሽት አይደለም። ዲሴምበር 25 እኛ ሥራ ላይ ነን፣ እነሱ ዘግተዋል። በእኛ ገና ዕለት ደግሞ እኛ ቤታችን ነን፣ ሳምንቱ የሥራ ቀን ከሆነ ገበያው ይሠራል። ይህን የማያውቅ ማስጠንቀቂያ በየሰኞው በከንቱ ይጮሃል፣ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው ያጠፋዋል፣ ከዚያ በኋላ ከነጭራሹ እንዳልነበረ ነው።

ባለቤቱስ ማን ይሁን? የእኛ ሐሳብ የዋጋ ወይም የግብይት ክፍሉ ይሁን ነው። አይቲው መስመሩን ይጠግናል፤ 53ን ከ18456 ይለያል። ነገር ግን ኒውዮርክ ትናንት ስንት እንደዘጋች አያውቅም፣ እንዲያውቅም አልተቀጠረም። ዋጋው ሲያረጅ መልእክቱ በመጀመሪያ ስልካቸው ላይ መግባት ያለበት ነገ ጠዋት በዚያ ቁጥር የሚደራደሩት ሰዎች ናቸው። አይቲው ብቻ የሚያየው ማስጠንቀቂያ፣ እሱ ዓመት ፈቃድ የወጣ ዕለት የማንም አይደለም።

አዲስ ሲስተም የምታሠሩ ካላችሁ ደግሞ ርክክቡ ላይ አንድ ነገር አድርጉ። ሠሪው እያሳያችሁ ሳለ የኔትወርክ ኬብሉን ንቀሉት። ቡና ጠጡ። ተመለሱና ስክሪኑ ምን እንደሚል እዩ። በማግስቱ ደግሞ ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩትና ማታ ጆቡ በራሱ መነሳቱን ጠብቁ። ከዚያ የሊንኩን ፓስወርድ ሆን ብላችሁ አበላሹት። በሦስቱም ጊዜ ስክሪኑ ያንኑ ዋጋ በዚያው ቀለም ካሳያችሁ የመጨረሻውን ክፍያ ያዙ። ይህን በውላችሁ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት እንጂ በኋላ ብትጠይቁ «ተጨማሪ ሥራ ነው» ትባላላችሁ።

ለቀድሞው ሲስተም ተጠቃሚዎች አንድ አጣዳፊ ነገር አለን። አሜሪካ ሰዓቷን በዓመት ሁለቴ ትቀይራለች፣ እኛ አንቀይርም። የኒውዮርክ አረቢካ ከመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በእኛ ከምሽቱ 2፡30 ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ባለው ክረምታቸው 3፡30 ነው። ጆቡ «ማታ 2፡45» ተብሎ ተቸንክሮ ከሆነ ስምንት ወር የመዝጊያውን ዋጋ ሲያመጣ ይቆይና፣ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ገበያው ሊዘጋ 45 ደቂቃ ሲቀረው ያለውን ዋጋ «መዝጊያ» ብሎ ይመዘግባል። ቀኑ የዛሬ ነው፣ ዕድሜው ትኩስ ነው፣ ጆቡም «ተሳካ» ይላል፤ ከላይ ያልናቸው ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ይሄን አይይዙትም። በዚያች 45 ደቂቃ ደግሞ ገበያው ብዙ ሊለወጥ ይችላል። ጆባችሁ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ዛሬውኑ ጠይቁና ከ3፡30 በፊት ከሆነ ወደ 4 ሰዓት አዙሩት፣ ለሁለቱም ወቅት ይሆናል።